አቶምን መጠየቅ፦ የውስጥና የቫሌንስ ኤሌክትሮኖች በኬሚስትሪና በልኬት ውስጥ ያላቸው ድርሻ

ከአንድ የሶድየም አቶም የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 5.14 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይበቃል። ሁለተኛውን ለመንጠቅ ግን 47.3 ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ማለት ነው። በማግኒዥየም ዝላዩ ከሁለተኛው ኤሌክትሮን በኋላ ይመጣል፤ 7.6፣ 15.0፣ ከዚያ በአንዴ 80.1። አሉሚኒየም ሦስቱን በ6.0፣ በ18.8 እና በ28.4 ይለቅና ለአራተኛው 120 ያስከፍላል። ዝላዩ ሲደርስ በሦስቱም ዘንድ የሚቀሩት ኤሌክትሮኖች አሥር አሥር ናቸው። ሶድየም በውሁዶቹ ውስጥ አንድ፣ ማግኒዥየም ሁለት፣ አሉሚኒየም ሦስት ኤሌክትሮን የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። በቀላሉ የሚነጠቁት የቫሌንስ ኤሌክትሮኖች ይባላሉ፤ ወደ ኒውክለሱ ተጠግተው የቀሩት አሥሩ የውስጥ ኤሌክትሮኖች ናቸው።

የትምህርት ቤት መጻሕፍት ከዚህ ተነሥተው አንድ አጭር ፍርድ ይሰጣሉ፦ ኬሚስትሪ የቫሌንሶቹ ሥራ ነው፣ የውስጦቹ ተመልካች ናቸው። ፍርዱ ሩቅ ያስኬዳል። ሆኖም መዳብ የውኃ ቧንቧ ሲሠራበት ፖታሲየም ውኃ ሲነካው ለምን እንደሚቀጣጠል አያስረዳም፤ ከዳር ያለው ኤሌክትሮን በሁለቱም አንድ ብቻ ነውና። በኤክስሬይ የሚሠራ መሣሪያ የብረትን አቶም በዝገትም፣ በደምም፣ በምስማርም ውስጥ በአንድ ዓይነት ምልክት ለይቶ ሲያበቃ፣ ምልክቱን ያገኘው ከሦስቱ ከየትኛው እንደሆነ ለመናገር ለምን እንደሚቸገርም አያስረዳም።

ይህ ዳሰሳ የሚሟገትለት ሐሳብ የሚከተለው ነው። የውስጥ ኤሌክትሮኖች አቶሙ ማን እንደሆነ ይናገራሉ፤ የቫሌንሶቹ አቶሙ ምን ላይ እንዳለ ይናገራሉ። ሁለቱ ግን እርስ በርስ ይሰማማሉ፤ በመካከላቸው ያለው መስመርም እንደምናቀርበው ጥያቄና እንደምንጠቀመው ጉልበት ቦታውን ይለውጣል። በላቦራቶሪ ውጤቶች ላይ የሚነሡ ብዙ አለመግባባቶች የሚመጡት አንደኛው ወገን የመለሰውን ጥያቄ ሌላኛው እንደመለሰው አድርጎ ከማንበብ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ሜንደሌዬቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ፔሪዮዲክ ሰንጠረዡን ሲያወጣ ስለ ኤሌክትሮን የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ንጥረ ነገሮቹን ያሰለፈው በክብደታቸውና በጠባያቸው ነው። ቶምሰን ኤሌክትሮንን በ1897 ካሳየ፣ ቦር ደግሞ በ1913 ኤሌክትሮኖች በተወሰኑ የጉልበት እርከኖች ላይ እንደሚገኙ ካስረዳ በኋላ ነው ሰንጠረዡ ምክንያት ያገኘው። በበርክሌይ የነበረው ጊልበርት ሉዊስ በ1916 ባሳተመው ጽሑፍ አቶምን ለሁለት ከፈለ፤ በተለመደ ኬሚካላዊ ለውጥ የማይነካ ውስጠኛ ክፍልና ከዳር ያሉ፣ ሊሰጡ ወይም በጥንድ ሊጋሩ የሚችሉ ኤሌክትሮኖች። ላንግሙር ከ1919 ጀምሮ ይህን አስፋፍቶ አሰራጨው፤ «የስምንቱ ሕግ» የሚባለውም በዚያው ጊዜ ሥር ሰደደ።

ለውኃ፣ ለሜቴን፣ ለምግብ ጨውና ለብዙው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ይህ አከፋፈል ዛሬም ሳይሸራረፍ ይሠራል። ችግሩ የሚጀምረው በሰንጠረዡ ወደ ታች ስንወርድ ነው።

ውስጠኞቹ የሚሠሩት

የውስጥ ኤሌክትሮኖች የመጀመሪያ ሥራ መጋረድ ነው። የሶድየም ኒውክለስ 11 ፕሮቶኖች አሉት፤ ነገር ግን ከዳር ያለው ኤሌክትሮን የ11 ፕሮቶን መሳብ አይደርስበትም። በመካከል ያሉት አሥሩ አብዛኛውን ይጋርዱታል። ስሌተር በ1930 ባወጣው ቀላል የስሌት ደንብ መሠረት የሚደርሰው 2.2 ያህል ብቻ ነው። ሶድየም ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቀው ለዚህ ነው።

መጋረጃው ግን ሁልጊዜ እኩል አይወፍርም። ፖታሲየምና መዳብ ከዳር አንድ አንድ ኤሌክትሮን በአራተኛው እርከን ላይ አላቸው። መዳብ አሥር ተጨማሪ ፕሮቶንና በሦስተኛው እርከን አሥር ተጨማሪ ኤሌክትሮን ይዟል። እነዚህ ዲ በተባለው ንዑስ እርከን ላይ ያሉ አሥር ኤሌክትሮኖች ቅርጻቸው የተበተነ ስለሆነ የአዲሶቹን ፕሮቶኖች መሳብ በደንብ አይጋርዱም። ስለዚህ የፖታሲየምን የዳር ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 4.34 ኤሌክትሮን ቮልት ሲበቃ የመዳብን ለመንጠቅ 7.73 ያስፈልጋል። ከዳር ያለው ኤሌክትሮን በቁጥርም በዓይነትም አንድ ሆኖ ሳለ ጠባዩን የለወጠው ከሥሩ ያለው ነው። ሁለተኛውን ኤሌክትሮን ስንመለከት ነገሩ ይገለበጣል፤ ፖታሲየም 31.6 ሲጠይቅ መዳብ በ20.3 ይለቃል። በፖታሲየም ከሥር ያለው እርከን የተዘጋ ሲሆን በመዳብ ግን በሩ ገርበብ ያለ ነው። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት መፍትሔ ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠ መዳብ መሆኑ የዚሁ ውጤት ነው።

የዚህ መጋረድ ድክመት ታሪክ የሠራው በዚርኮኒየምና በሃፍኒየም ላይ ነው። ሃፍኒየም በሰንጠረዡ ከዚርኮኒየም ሥር፣ አንድ ሙሉ ረድፍ ወርዶ ይገኛል፤ 72 ፕሮቶን ለ40። በደንቡ ሰፋ ማለት ነበረበት። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ከላንታነም ጀምሮ የተደረደሩት ንጥረ ነገሮች አሥራ አራት የኤፍ ኤሌክትሮኖችን ወደ ውስጥ አስገብተዋል፤ እነዚህም ከዲዎቹ የባሱ ደካማ ጋራጆች ናቸው። አቶሙ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ የሁለቱ አዮኖች መጠን ሊለይ እስከማይችል ተቀራረበ፤ 0.72 እና 0.71 አንግስትሮም። በመሆኑም ሃፍኒየም በዚርኮኒየም ማዕድናት ውስጥ ተደብቆ ኖረ፤ የኬሚስቶች አሲድና ማጣሪያ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ይቆጥራቸው ነበር። ዛሬም ለኑክሌር ማብለያ የሚሆነው ዚርኮኒየም ከሃፍኒየም መጽዳት ስላለበት መለያየቱ ውድ ሥራ ነው፤ ሃፍኒየም ኒውትሮን ይውጣል፣ ዚርኮኒየም ግን ያሳልፋል።

ሁለተኛው የውስጠኞቹ ሥራ ከፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው። በከባድ አቶም ውስጥ ለኒውክለሱ እጅግ የቀረቡት ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ፍጥነት ጋር ሊነጻጸር በሚችል ፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ፤ በወርቅ 58 ከመቶ ያህል ይደርሳል። በአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት እንዲህ ያለ ኤሌክትሮን ምህዋሩን ያጠብባል፤ ከዳር ያለው የኤስ ኤሌክትሮንም አልፎ አልፎ እስከ ኒውክለሱ ስለሚዘልቅ አብሮ ይሰበሰባል። በሌላ በኩል የዲ ኤሌክትሮኖቹ ይበልጥ ይጋረዱና ይላላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የጉልበት ርቀት ስለሚጠብ ወርቅ ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ቢጫ ሆኖ ይታየናል። በብር ተመሳሳዩ ርቀት ሰፊ ስለሆነ የሚዋጠው ብርሃን ከዓይናችን አቅም ውጪ ያለ አልትራቫዮሌት ነው፤ ብርም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሜርኩሪ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሚሆነውም በአመዛኙ ከዚሁ የተነሣ ነው። በ2011 የታተመ ስሌት እንደሚያሳየው የመኪና የእርሳስ ባትሪ ከሚሰጠው 12 ቮልት ውስጥ 10 ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ የአንጻራዊነት ውጤት ነው። ተመልካች የተባሉት ኤሌክትሮኖች መኪና ማስነሣት ላይ እጃቸው አለበት።

ማንነትን የሚጠይቁ ልኬቶች

የውስጥ ኤሌክትሮን ከኒውክለሱ ጋር በኃይለኛ ትስስር ስለተያዘ ጎረቤት አቶም ምንም ቢሆን ጉልበቱ ብዙ አይናወጥም። ይህ ለኬሚካላዊ ትስስር የማይጠቅም ጠባይ ለመለየት ሥራ ተወዳዳሪ የለውም። መጀመሪያ የተጠቀመበት ሄንሪ ሞዝሊ ነው። በ1913 እና በ1914 ንጥረ ነገሮችን እየደበደበ የሚያወጡትን ኤክስሬይ ሲለካ የድግግሞሹ ስኩዌር ሩት ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሚቀጥለው በእኩል ደረጃ እንደሚጨምር አየ። ደረጃው የአቶማዊ ቁጥር ማለትም የፕሮቶን ብዛት ነበር። ኮባልት ከኒኬል ቢከብድም በሰንጠረዡ ለምን እንደሚቀድም በዚህ ተፈታ። በ43፣ በ61፣ በ72 እና በ75 ቁጥር ላይ ገና ያልተገኙ ንጥረ ነገሮች እንዳሉም ታየ። ሞዝሊ በ1915 በጋሊፖሊ ጦርነት በ27 ዓመቱ ሞተ።

ከእነዚያ ክፍት ቦታዎች 72 ቁጥርን የሞሉት በኮፐንሃገን የነበሩት ኮስተርና ሄቬሺ ናቸው። በ1923 የዚርኮኒየም ማዕድን በኤክስሬይ ፈትሸው የሃፍኒየምን መስመሮች አገኙ። የቫሌንስ ኤሌክትሮኖች መንታ አድርገው የደበቋቸውን ሁለት ንጥረ ነገሮች የውስጦቹ በአንድ ልኬት አጋለጧቸው። በዚህ ዳሰሳ ውስጥ የሁለቱን ወገን የሥራ ክፍፍል ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ታሪክ የለም።

የሞዝሊ ዘዴ ዛሬ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ውስጥ ገብቷል። ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ የሚባለው ይህ ልኬት የውስጥ ኤሌክትሮን አስወጥቶ፣ ከላይ ያለው ኤሌክትሮን ወደ ባዶው ቦታ ሲወርድ የሚተፋውን ኤክስሬይ ይለካል። ብረት በ6.40፣ መዳብ በ8.05 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ራሳቸውን ያስታውቃሉ። ኬሚካላዊ ሁኔታ እነዚህን መስመሮች የሚያነቃንቃቸው በአንድ ኤሌክትሮን ቮልት ወይም ከዚያ ባነሰ ሲሆን የእጅ መሣሪያው መለየት የሚችለው ከ100 በላይ ልዩነት ሲኖር ነው። በመሆኑም ዝገት ይሁን ምስማር አያውቅም፤ ብረት መኖሩንና መጠኑን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይናገራል።

ይህ «ድንቁርና» አንዳንዴ በረከት ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በላይኛው አዋሽ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጥሬ ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚወስዱ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ሥፍራ ነው፤ በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የተሠሩት ኦብሲዲያን ከተባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። ድንጋዩ ከየት መጣ? እያንዳንዱ የላቫ ፍሰት የሩቢዲየም፣ የስትሮንቲየም፣ የኢትሪየም፣ የዚርኮኒየምና የናዮቢየም መጠኑ የራሱ ነው። ተመራማሪዎች መሣሪያውን ሳይሰብሩ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ እነዚህን ለክተው ከባልጪት ድንጋይ ጋር ያነጻጽራሉ። በረጅሙ ዘመን የድንጋዩ ገጽ ውኃ ጠጥቶ፣ ቀለሙ ደብዝዞ ሊሆን ይችላል፤ የቫሌንሶቹ ኑሮ ተለውጧል። የውስጦቹ መልስ ግን ያው ነው።

ገደብም አለው። ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክሲጅንን የመሳሰሉ ቀላል ንጥረ ነገሮች የሚተፉት ኤክስሬይ ጥቂትና ደካማ ስለሆነ አየር ራሱ ይውጠዋል። ከሚወጣው ጉልበት አብዛኛው ኤክስሬይ በመሆን ፈንታ ሌላ ኤሌክትሮን አስፈንጥሮ ያልፋል፤ ይህን ክስተት ሊዛ ማይትነር በ1922፣ ፒየር ኦዤ በ1923 ለየብቻቸው ዘግበውታል፤ ስሙ ለኦዤ ቀረ። ስለዚህ የእጅ መሣሪያ ሕይወት ያለው ነገር ከተሠራባቸው ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹን አያይም።

ሥራን የሚጠይቁ ልኬቶች

የቫሌንስ ኤሌክትሮኖች በጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ይንቀሳቀሳሉ፤ ይህ የሚታይ ብርሃንና የባትሪ ቮልቴጅ ልክ ነው። ስለዚህ ለእነርሱ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፖታሲየም ፐርማንጋኔት ወይን ጠጅ ቀለም ኤሌክትሮን የሚሰጠውን ነገር ሲያገኝ ይጠፋል፤ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሳይቀር በዚህ ይለካል። ወርቅ ሠሪም ጌጡን በመፈተኛ ድንጋይ ላይ አሽቶ አሲድ ሲያንጠባጥብበት የቫሌንስ ኤሌክትሮኖችን እየጠየቀ ነው፤ «ለአሲዱ ትለቃላችሁ ወይስ አትለቁም?»። ከጎኑ ያለው ነጋዴ በኤክስሬይ መሣሪያ ካራት ሲለካ ደግሞ የውስጦቹን እየጠየቀ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች ቢለያዩ አያስገርምም። አሲዱ ድንጋዩ ላይ የተሻሸውን ሽፋን ብቻ ያያል፤ ኤክስሬዩ ጥቂት ማይክሮሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ከቀጭን ልባጥ ሥር ያለውንም ሊቀላቅል ይችላል።

የቫሌንስ ኤሌክትሮንም ማንነትን መናገር ይችላል፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ጨው እሳት ላይ ሲበተን የሚታየው ቢጫ ነበልባል የሶድየም የዳር ኤሌክትሮን ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ የሚሰጠው የ589 ናኖሜትር ብርሃን ነው። ይህ መስመር የጠራ የሚሆነው አቶሙ ከጎረቤቶቹ ተላቆ ብቻውን በጋዝ ውስጥ ሲንሳፈፍ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ይሠራ የነበረው አለን ዋልሽ በ1955 ያስተዋወቀው የአቶሚክ አብሶርፕሽን ልኬት በዚህ ላይ ቆሟል። ናሙናው በአሲድ ይሟሟል፣ በነበልባል ይበተናል፣ ትስስሩ ሁሉ ይፈርሳል፤ ከዚያ እያንዳንዱ አቶም ይቆጠራል። ዋጋው ግልጽ ነው። የእርሳሱን ወይም የካድሚየሙን መጠን እናውቃለን፤ በምን ውሁድ ውስጥ እንደነበረ የሚናገረውን ማስረጃ ግን በገዛ እጃችን አቃጥለነዋል።

ሁለቱ የሚሰማሙበት ቦታ

የውስጥ ኤሌክትሮን ስለ ውጪው ምንም አይሰማም ማለት ማጋነን ነው። አቶሙ የቫሌንስ ኤሌክትሮኑን ለኦክሲጅን ወይም ለፍሎሪን ሲሰጥ በውስጥ ያሉት ከቀድሞው ትንሽ ጠበቅ ብለው ይያዛሉ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ከመቶዎችና ከሺዎች ኤሌክትሮን ቮልት መካከል ከአንድ እስከ አሥር ቢሆን ነው። ይህን ትንሽ ልዩነት ለመለካት ኡፕሳላ ውስጥ ካይ ሲግባን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፋ። መርሁ ከአንስታይን የ1905 የፎቶኤሌክትሪክ ማብራሪያ የመጣ ነው፦ የታወቀ ጉልበት ያለው ኤክስሬይ ላክ፣ የተፈናጠረውን ኤሌክትሮን ፍጥነት ለካ፣ ልዩነቱ ኤሌክትሮኑ ምን ያህል ተይዞ እንደነበር ይነግርሃል። ሲግባን በ1981 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ አባቱ ማኔ ሲግባን በኤክስሬይ ጥናት የ1924ን ሽልማት አግኝቶ ነበር።

በሶድየም ቲዮሰልፌት ውስጥ ያሉት ሁለት የድኝ አቶሞች በዚህ ዘዴ በሁለት የተለያዩ ጫፎች ታዩ፤ አንዱ በኦክሲጅን የተከበበ፣ ሌላው በዳር የተንጠለጠለ ነው። ኢቲል ትሪፍሎሮአሴቴት የተባለው ሞለኪውል አራት ካርቦኖች አሉት፤ ስፔክትረሙም አራት ጫፍ ያሳያል፤ በሦስት ፍሎሪን የተከበበው ካርቦን ሃይድሮጅን ብቻ ከያዘው በብዙ ኤሌክትሮን ቮልት ርቆ ይቆማል። ንጹሕ ሲሊከን 99 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ሲታይ ኦክሳይዱ ከ103 በላይ ይታያል፤ የኮምፒዩተር ቺፕ አምራች የሽፋኑን ውፍረት ከዚህ ያሰላል። ማንነትና ሥራ በአንድ ልኬት ተነበቡ።

ይህን ያህል ስሱ የሆነ ልኬት ግን በቀላሉ ይሳሳታል። በመጀመሪያ፣ የሚለካው ኤሌክትሮን ሳይደናቀፍ ሊወጣ የሚችለው ከ10 ናኖሜትር ባነሰ ጥልቀት ስለሆነ መልሱ የገጹ እንጂ የናሙናው ሁሉ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኤሌክትሮኑ ሲወጣ የቀሩት ወደ ክፍተቱ ይሰበሰባሉ፤ ስለዚህ የጫፉ ቦታ ከመውጣቱ በፊት የነበረውንና ከወጣ በኋላ የተፈጠረውን ሁኔታ ቀላቅሎ ይይዛል። ጫፉን አይቶ «አቶሙ ይህን ያህል የኤሌክትሪክ ሙል አለው» ማለት አቋራጭ ነው። ሦስተኛ፣ ብዙ ላቦራቶሪዎች መለኪያቸውን የሚያስተካክሉት ከአየር በሚጣበቅ የካርቦን እድፍ ነው፤ ጫፉ 284.8 ላይ ነው ብለው ይነሣሉ። የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ተመራማሪዎች ይህ ጫፍ እንደ ሥሩ ቁስ ከ2 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ እንደሚዋዥቅ አሳይተዋል። የሚፈለገው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ኤሌክትሮን ቮልት በሆነበት ሥራ ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም፤ ክርክሩም በዘርፉ ውስጥ ገና አልበረደም።

ሌላው መንገድ የኤክስሬይ ውጠት ጠርዝን፣ ማለትም ኤክስሬዩ የውስጥ ኤሌክትሮንን ለማስወጣት የሚበቃበትን ጉልበት ማጥናት ነው። ሴየርስ፣ ስተርንና ላይትል በ1971 ከጠርዙ በላይ ያሉት ሞገዶች የጎረቤት አቶሞችን ርቀት እንደሚናገሩ አሳዩ። ጠርዙ ራሱ ደግሞ የአቶሙን ሁኔታ ይናገራል። የክሮሚየም ጠርዝ 5,989 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። ስድስት ኤሌክትሮን የሰጠው ክሮሚየም 5,993 አካባቢ ጎላ ያለች ትንሽ ጫፍ ያሳያል፤ ሦስት የሰጠው ግን አያሳያትም ማለት ይቻላል። ጫፏ የውስጥ ኤሌክትሮን ወደ ባዶ የቫሌንስ ቦታ ሲዘል የምትፈጠር ናት፤ የሁለቱ ወገኖች ግንኙነት በዓይን የሚታይባት ነጥብ ብትባል ያንሳታል። ለዚህ በአብዛኛው ሲንክሮትሮን የሚባል ግዙፍ ማሽን ያስፈልጋል። በአፍሪካ አንድም የለም፤ ለቀጣናችን የቀረበው በ2017 በዮርዳኖስ የተከፈተው ሰሳሚ ነው።

መስመሩ ሲንቀሳቀስ

የውስጥና የቫሌንስ ክፍፍል ከሁሉ ቀድሞ የሚፈርሰው በትንሹ አቶም ነው። ሃይድሮጅን የውስጥ ኤሌክትሮን የለውም። ያለውን አንዱን ለትስስር ስለሚያውለው የሲግባን ዘዴ ሃይድሮጅንን ሊለይ አይችልም።

በሌላው ጫፍ የተዘጉ የተባሉ እርከኖች ይከፈታሉ። ኒል ባርትሌት የፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ኦክሲጅንን ራሱን ኤሌክትሮን እንደሚያስለቅቀው አየ። የኦክሲጅን ሞለኪውል 12.07፣ ዜኖን ደግሞ 12.13 ኤሌክትሮን ቮልት እንደሚጠይቁ ሲያስተያይ ዜኖንም ሊለቅ እንደሚገባው ገመተና በ1962 ሞከረው። ቢጫ ጠጣር ተገኘ፤ የማይነኩ የተባሉ ጋዞች ዘመን በዚያው አበቃ። በከፍተኛ ግፊት ደግሞ ከዚህም ሊታለፍ ይችላል፤ በ2013 የታተመ ስሌት ሲዚየም በፍሎሪን መካከል ሲጨመቅ አንዱን የዳር ኤሌክትሮን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ካለው እርከንም እንደሚሰጥ ተንብዮአል።

የላንታኒዶች የኤፍ ኤሌክትሮኖች ሌላ ዓይነት እንቆቅልሽ ናቸው። በጉልበታቸው ከቫሌንሶቹ ወገን ናቸው፤ በቦታቸው ግን ከውጪው እርከን ሥር ተሸሽገዋል። ስለዚህ የዩሮፒየም ቀይ ብርሃን በየትኛውም ውሁድ ውስጥ ቢሆን ቀጭንና የጠራ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ለቴሌቪዥን ቀይ ቀለም የተመረጠውም ለዚህ ነው። የመዳብ ወይም የኮባልት ቀለም ግን ጎረቤቱ ሲቀየር ይቀየራል።

የመስመሩን ተንቀሳቃሽነት በየቀኑ የሚጋፈጡት ስሌት ሠሪዎች ናቸው። ሃንስ ሄልማን በ1935 የውስጥ ኤሌክትሮኖችን ትቶ ውጤታቸውን ብቻ በሚወክል ምናባዊ ኃይል መተካት እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ለወርቅ በሚሠራ የተለመደ ስሌት ከ79 ኤሌክትሮኖች 60ዎቹ በዚህ ይተካሉና 19 ብቻ ይሰላሉ፤ የአንጻራዊነቱ ውጤትም በምናባዊው ኃይል ውስጥ አብሮ ይታሸጋል። የት ላይ እንደሚቆረጥ ግን ሰው ይመርጣል። ለጋሊየም ናይትራይድ የጋሊየምን የዲ ኤሌክትሮኖች ከውስጦቹ ቆጥሮ የሠራ ሰው የትስስሩን ርዝመት አሳንሶ ያገኛል፤ ከቫሌንሶቹ የቆጠረ ወደ እውነተኛው ይቀርባል። ተፈጥሮ መስመር አላሰመረችም፤ ስህተቱም የሚመጣው አንዴ የተሰመረውን ለሁሉም ጉዳይ ከማዋል ነው።

ለየትኛው ጥያቄ የትኛው መሣሪያ

ይህ ሁሉ በአንድ የንግድ ጉዳይ ላይ ተሰብስቦ ይታያል። በሞጆም ሆነ በሌላው ዓለም ብዙው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ሦስት ኤሌክትሮን የሰጠው ክሮሚየም ቆዳውን ያስራል፤ በአንጻሩ ጉዳቱ ዝቅተኛ ነው። ስድስት የሰጠው ግን ካንሰር አምጪና ቆዳን የሚያስቆጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 ጀምሮ ከሰው ገላ ጋር በሚነካካ የቆዳ ውጤት ውስጥ የዚህ ሁለተኛው መጠን በኪሎ ግራም 3 ሚሊግራም እንዳይደርስ ደንግጓል። በክሮሚየም የተለፋ አንድ ኪሎ ቆዳ ደግሞ በድምሩ 20 ግራም ያህል ክሮሚየም ሊይዝ ይችላል። የሚፈለገው ከጠቅላላው ከሺህ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ነው።

በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ቢለካ 20 ግራሙ ይታያል፤ የውስጥ ኤሌክትሮኖች ሁለቱን ክሮሚየሞች አይለዩም። ውጤቱን ይዞ «ቆዳው መርዛማ ነው» ማለትም «ደኅና ነው» ማለትም መሠረት የለውም። ታዲያ ወደ ሲንክሮትሮን መሄድ ነው? ያቺ የጠርዝ ጫፍ ከጠቅላላው ጥቂት ከመቶ የሚሆነውን ትለያለች እንጂ ይህን ያህል ኢምንት ድርሻ አታይም። ለሥራው የተመረጠው ከሦስቱ ርካሹ ነው። ቆዳው በለዘብተኛ መፍትሔ ይነከራል፣ ዳይፌኒልካርባዛይድ የተባለ ኬሚካል ይጨመራል፤ ስድስት የሰጠው ክሮሚየም ካለ ኬሚካሉን ኤሌክትሮን አስለቅቆ ሐምራዊ ቀለም ይፈጥራል፤ ቀለሙ በ540 ናኖሜትር ይለካል። ሦስት የሰጠው ክሮሚየም ይህን ማድረግ አይችልም። ጥያቄው ስለ ሥራ ስለሆነ መልሱን የሚሰጡት የቫሌንስ ኤሌክትሮኖች ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የመሣሪያን ዋጋ ከመልሱ ክብደት ጋር አለማምታታት ነው። አፈር ውስጥ እርሳስ መኖሩን ለማወቅ፣ የጥንት ድንጋይን ምንጭ ለመፈለግ፣ የቅይጥን ጥራት ለመመርመር የውስጦቹን የሚጠይቅ ልኬት ይቀድማል፤ ኬሚካላዊ ለውጥ አያታልለውም። ጉዳት፣ ዝገት፣ ቀለም፣ ባትሪ፣ መድኃኒት ጥያቄ ውስጥ ሲገባ የቫሌንሶቹን የሚጠይቅ ልኬት ያስፈልጋል። ገጽ ላይ ያለ ቀጭን ሽፋን የሚጠና ከሆነ ሁለቱን የሚያገናኘው የሲግባን መንገድ ቦታ አለው፤ የመለኪያው መነሻ እንዴት እንደተወሰነ እስከተጻፈ ድረስ። በላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ «ክሮሚየም» ወይም «አርሴኒክ» የሚል ቃል ከቁጥር ጋር ብቻ ቆሞ ሲገኝ አንባቢው የመጠየቅ መብት አለው፦ ይህ ቁጥር የተገኘው በየትኛው ዘዴ ነው፣ የትኛውን ዓይነትስ ቆጠረ?

የክፍል መማሪያውም ትንሽ ማስተካከያ ይገባዋል። «ኬሚስትሪ የቫሌንስ ኤሌክትሮኖች ሥራ ነው» የሚለው ይቆይ፤ ለጀማሪ ትክክለኛ በር ነው። ከሥሩ ግን የፖታሲየምና የመዳብ አራት ቁጥሮች፣ 4.34 እና 31.6፣ 7.73 እና 20.3፣ ጎን ለጎን ይጻፉ። ተማሪው ለምን ብሎ ሲጠይቅ የውስጦቹ ድርሻ በመልሱ ውስጥ ይገባል።